የሳን ስዊች ፖርት ግራፍ 12 በመቶ እያሳየ ዳታቤዙ ሌሊት ሌሊት ለምን ይንቀራፈፋል?

ሰንጋተራ_7
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሰርቨርና የስቶሬጅ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መላ ያጣሁለትን ጉዳይ በዝርዝር ገልጬ አስተያየታችሁን ለመጠየቅ ነው የጻፍኩት።

የማከማቻ ኔትወርካችን (ሳን) ሁለት ፋብሪክ፣ ማለትም እርስ በርስ ያልተገናኙ ሁለት መረቦች አሉት። በእያንዳንዱ ፋብሪክ ስቶሬጁ የተሰካበት ባለ 16 ጊጋቢት የብሮኬድ ስዊች አለ፤ ከእርሱ ጋር ደግሞ ቀደም ብሎ የተገዛ፣ የቆዩት ሰርቨሮች እስከ ዛሬ ያልተነቀሉበት ባለ 8 ጊጋቢት ስዊች ይገኛል። ሁለቱ ስዊቾች የሚገናኙት በአንድ ባለ 8 ጊጋቢት አይኤስኤል (ስዊችን ከስዊች የሚያያይዝ መስመር) ነው። የዳታቤዝ ሰርቨሩም የባክአፕ ሰርቨሩም ያሉት በቆየው ስዊች ላይ ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የዕለቱ ሂሳብ የሚዘጋበት ሥራ ሲጀመር ዳታቤዙ ለሃያ፣ ለሠላሳ ሰከንድ የቆመ እስኪመስል ድረስ ይንቀራፈፋል፤ ከዚያም ምንም እንዳልነበረ ወደ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይደግመዋል። የዳታቤዝ ባልደረቦቼ ሰርቨሩ ዲስክ እየጠበቀ መሆኑን በማስረጃ ያሳያሉ። የስቶሬጁ መከታተያ በበኩሉ ዲስኮቹ በ1 እና በ2 ሚሊሰከንድ ውስጥ እንደሚመልሱ ይናገራል። በመካከል የቀረው ስዊቹ ስለሆነ ጣት ሁሉ ወደ እኔ ተቀስሯል።

የፖርቶቹን አኃዝ በኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ ዕቃዎችን ሁኔታ በሚጠይቅ ፕሮቶኮል) በየ5 ደቂቃው እየሰበሰበ ግራፍ የሚሠራ መከታተያ አለን። በዚህ ግራፍ ላይ የባክአፕ ሰርቨሩ ፖርት ከ12 በመቶ፣ አይኤስኤሉም ከ20 በመቶ በላይ ሄዶ አያውቅም። የፖርቶቹን የወቅቱን ፍጥነት የሚያሳየውን «ፖርትፐርፍሾው» የሚለውን ትእዛዝ ቀን ላይ አሂጄ አየሁት፤ ምንም የሚያስጨንቅ ነገር የለውም። የፖርቱን ቆጣሪዎች የሚዘረዝረው «ፖርትስታትስሾው» ደግሞ ትርጉማቸው ያልገባኝን ግዙፍ ቁጥሮች ያወጣል፤ የስዊቹ ቆጣሪዎች ከተገጠመ ጀምሮ ጸድተው የሚያውቁ አይመስለኝም። በስዊቹ ሎግ ውስጥ ስለ መጓተት የሚናገሩ ማስጠንቀቂያዎች ባገኝም የተመዘገቡት በ23 ሰዓት አካባቢ ስለሆነና ችግሩ ከሚከሰትበት ሰዓት ጋር ስለማይገናኝ ትቻቸዋለሁ።

ዕቃ አቅራቢያችን አይኤስኤሉ ስለጠበበ ሁለቱም ስዊቾች በባለ 32 ጊጋቢት እንዲቀየሩ ሐሳብ አቅርቦ ፕሮፎርማ ልኳል። ኃላፊዬ ግዢው አስፈላጊ ስለመሆኑ በጽሑፍ እንዳረጋግጥ ጠይቀውኛል። ለውጭ ምንዛሪ ተራ ተይዞ ዕቃው እስኪገባ የሚፈጀውን ጊዜ ሁላችሁም ስለምታውቁት፣ ሳላጣራ መፈረም አልፈለግሁም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ፖርቱ በእርግጥ ተጨናንቋል ወይስ አልተጨናነቀም የሚለውን ለመለየት ከእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች የትኛውን ማመን አለብኝ? ቆጣሪዎቹንስ ሥራ ላይ ባለ ስዊች ላይ ማጽዳት ጉዳት ያመጣል?


ፋይበር_ጠባቂ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኅቴ፣ ሳይፈርሙ መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው። እርስዎ ጋ ያለው መረጃ ፖርቱ ምን ያህል እንደሠራ ይናገራል፤ ምን ያህል ቆሞ እንደጠበቀ ግን አይናገርም። የሚያስፈልግዎ ሁለተኛው ነው።

ከግራፉ ልጀምር። በየ5 ደቂቃው የሚወሰድ ንባብ የ300 ሰከንድ አማካይ ነው። አንድ ባለ 8 ጊጋቢት ፖርት በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ 800 ሜጋባይት ያህል ይሸከማል። ይህ ፖርት ለ30 ሰከንድ ጢም ብሎ ሞልቶ ቀሪውን 270 ሰከንድ ዝም ቢል ግራፉ የሚስልልዎ በሰከንድ 80 ሜጋባይት ነው፤ ይህም 10 በመቶ መሆኑ ነው። በእነዚያ 30 ሰከንዶች ውስጥ ተሰልፎ የነበረው ዳታቤዝ ግን 10 በመቶ የሚባል ነገር አላየም፤ ያየው የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ «ከ12 በመቶ አልፎ አያውቅም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለኃላፊዎ በሚጽፉት ደብዳቤ ውስጥ እንዳያስገቡት እመክራለሁ። በመቶኛው የተሰላው በየትኛው ፍጥነት እንደሆነም ያረጋግጡ፤ አንዳንድ መከታተያዎች የፖርቱን ፍጥነት ከስዊቹ አይጠይቁም፣ ሰው በእጁ የሞላላቸውን ይዘው ይኖራሉ።

«ፖርትፐርፍሾው» በየሰከንዱ ስለሚያነብ ከግራፉ ይሻላል፤ ነገር ግን ችግሩ ባለበት ሰዓት ካልተመለከቱት ዋጋ የለውም። ደግሞም ያለ ተጨማሪ አማራጭ ሲያሄዱት የላከውንና የተቀበለውን ደምሮ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጥዎታል። ፋይበር ቻናል (የሳን ስዊቾቹ የሚሠሩበት ቴክኖሎጂ) በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ስለሚሠራ፣ ድምሩ 800 የሆነ ፖርት በአንዱ አቅጣጫ ሞልቶ በሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ በሁለቱም ግማሽ በግማሽ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ሁኔታዎች ናቸው። መላኪያውን በቲኤክስ፣ መቀበያውን በአርኤክስ ለይቶ እንዲያሳይዎ ያድርጉ።

ወደ «ፖርትስታትስሾው» ስንመጣ፣ እነዚያን ግዙፍ ቁጥሮች እንደ መብራት ቆጣሪ ይመልከቷቸው። ቆጣሪ አንባቢው ቤትዎ መጥቶ የሚያየው ቁጥር ብቻውን ሂሳብ አይሆንም፤ ያለፈው ወር ንባብ ሲቀነስለት ነው ሂሳብ የሚሆነው። ስዊቹም ላይ ሁለት ጊዜ አንብበው፣ በመካከሉ ያለፈውን ጊዜ በትክክል መዝግበው መቀነስ አለብዎት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ የተላኩና የተቀበሉ ቃላትን የሚቆጥሩት መደቦች ባለ 32 ቢት ናቸው። አንዱ ቃል 4 ባይት ስለሆነ ወደ 17 ቢሊዮን ባይት ሲሞላ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በሙሉ ፍጥነት የሚሄድ ባለ 8 ጊጋቢት ፖርት ይህን በ21 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የፍጥነት ሂሳብ ሊሠሩ ከሆነ «ፖርትስታትስ64ሾው» የሚለውን ይጠቀሙ፤ በኤስኤንኤምፒም ባለ 64 ቢቱን ቆጣሪ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በፋይበር ቻናል ላኪው ፍሬም (አንድ የመረጃ ጥቅል) የሚልከው ተቀባዩ ባዶ ቦታ እንዳለው ሲያውቅ ብቻ ነው። ለስላሳ የሚያከፋፍል መኪና ለአንድ ሱቅ ሙሉ ሳጥን የሚያወርደው ባዶ ሳጥን ሲመለስለት እንደሆነ ማለት ነው። ባለሱቁ 8 ሳጥን ብቻ ካለው፣ 8ቱም ሙሉ ሆነው እስከተደረደሩ ድረስ መኪናው ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ መንገዱ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ከኋላ የመጣው፣ ለሌላ ሱቅ የጫነው መኪና ያለ ጥፋቱ አብሮ ይቆማል። ባዶ ሳጥኑ በእኛ ቋንቋ ክሬዲት ነው። ስዊቹ «የሚልከው ነገር እያለኝ ክሬዲት አጥቼ ቆሜያለሁ» የሚልበትን ጊዜ በ2.5 ማይክሮሰከንድ እየከፋፈለ ይቆጥራል፤ በ«ፖርትስታትስሾው» ውጤት ውስጥ «ቲም ቲኤክስ ክሬዲት ዜሮ» ተብሎ የሚነበበው መደብ እርሱ ነው። አንድ ሰከንድ 400,000 ቆጠራ ይሆናል። በሁለት ንባቦች መካከል ያለውን ልዩነት በ2.5 አባዝተው ለአንድ ሚሊዮን ቢያካፍሉት ፖርቱ ስንት ሰከንድ ቆሞ እንደጠበቀ ያገኛሉ።

በአይኤስኤል ፖርት ላይ ይህ ቁጥር አንዱ ገመድ በውስጡ የተከፋፈለባቸው የበርካታ ምናባዊ መስመሮች ድምር ስለሆነ ሊያሳስት ይችላል። ዝቅ ብሎ ለእያንዳንዱ ምናባዊ መስመር ለብቻው የተጻፈ ረድፍ አለ፤ ተራው መረጃ የሚጓዘው ከ2 እስከ 5 ባሉት መስመሮች ስለሆነ እነርሱን ያንብቡ።

ፍለጋውን ከባለ 16 ጊጋቢቱ ስዊች ይጀምሩ። ወደ ቆየው ስዊች የሚልከው የአይኤስኤል ፖርት ክሬዲት እያጣ ከሆነ፣ ጥፋቱ ያለው ከአይኤስኤሉ ወዲያ ማዶ ነው። ከዚያ በቆየው ስዊች ላይ ወደ ሰርቨሮቹ የሚወጡትን ፖርቶች አንድ በአንድ ያንብቡ። አንዱ ፖርት ብዙም ሳይልክ ክሬዲት እያጣ ረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሰርቨር መረጃውን በጊዜው የማያነሳ ቀርፋፋ ነው ማለት ነው። ክሬዲት ሳያጣ ነገር ግን በሚችለው ፍጥነት ሁሉ እየላከ ከሆነ ደግሞ፣ ሰርቨሩ ከፖርቱ አቅም በላይ መረጃ ጠይቋል ማለት ነው። ከአይኤስኤሉ በኩል ሲታዩ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። እኔ ስገምት የእርስዎ የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ቆጣሪ ስለ ማጽዳት፦ መረጃ አይነካም፤ ሥራም አያቋርጥም። ሆኖም መቀነስ እየተቻለ ማጽዳት አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ መከታተያዎም በመካከሉ ቁጥሩ ሲወድቅበት ግራፉን ያበላሽብዎታል።


የለገሃሩ
ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋይበር_ጠባቂ ያሉትን አብዛኛውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ሁላችንም ዘልለን ያለፍነው አንድ ነገር በጥያቄው ውስጥ አለ። በ23 ሰዓት ተመዝግበዋል ያሏቸው ማስጠንቀቂያዎች የተጻፉት በግሪንዊች ሰዓት ቢሆንስ? የስዊቹ ሰዓት ካልተስተካከለ በግሪንዊች ነው የሚመዘግበው። በ23 ሰዓት ላይ 3 ሲጨመር በፈረንጅ አቆጣጠር የማግሥቱ ሌሊት 2 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ቀኑ እንኳ በሎጉ ላይ የትናንቱ ሆኖ ስለሚታይ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። የጣሏቸውን መልእክቶች አንሥተው እንደገና ያንብቧቸው፤ የስዊቹን ሰዓትም ከሰዓት ሰርቨር ጋር ያገናኙት።

ሁለተኛው ነገር፣ ክሬዲት ከመቁጠር በፊት ገመዱ ጤነኛ መሆኑ ይረጋገጥ። «ፖርትኤረርሾው» ሁሉንም ፖርቶች በአንድ ሰንጠረዥ ያሳያል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው «ኢንክ አውት» በሚለው መደብ ላይ ሺዎችን ሲያይ ነው፤ ይሁንና ይህ መደብ ከፍሬም ውጭ የተገኘ ስሕተትን ስለሚቆጥር ሰርቨር በተነሣና በተኛ ቁጥር ይጨምራል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሣ ድረስ ዩፒኤሱ ያልያዘው ሰርቨር ካለ በአንድ ቀን ብቻ የሚቆለለው ብዙ ነው። ከ16 ጊጋቢት ጀምሮ ደግሞ የኢንኮዲንጉ ዘዴ ስለተቀየረ በዚያ ፍጥነት የሚሄድ ፖርት ላይ የሚታየው «ፒሲኤስ» የሚለው መደብ ነው።

እውነተኛውን ነገር የሚናገረው የ«ሲአርሲ» ስሕተት፣ ማለትም ፍሬሙ በመንገድ ላይ መበላሸቱን የሚያሳየው ነው፤ ከእርሱም ውስጥ ጤናማ የፍሬም መጨረሻ ያለው፣ በሰንጠረዡ «ሲአርሲ ጂ ኢኦኤፍ» የተባለው መደብ ከሁሉ ይበልጣል። የተበላሸ ፍሬም መጀመሪያ የደረሰው ስዊች መጨረሻውን «ይህ ብልሹ ነው» ብሎ ምልክት አድርጎበት ያሳልፈዋል። በመሆኑም ምልክት የሌለው የሲአርሲ ስሕተት የተቆጠረበት ፖርት፣ ብልሽቱ የተፈጠረው እዚያው እርሱ በተሰካበት ገመድ ላይ ነው፤ ምልክት ያለው ብቻ የሚቆጠርበት ፖርት ግን የሌላ ሰው ጥፋት ሲያልፍ ያየ ምስክር ነው። ይህን ሳይለዩ ጤነኛ ገመድ ሲቀይሩ የሚውሉ ሰዎች አሉ፤ ከአሥር ዓመት በፊት እኔም አንዱ ነበርኩ።

ከተማው ሁሉ እየተቆፈረ ባለበት በዚህ ጊዜ አቧራውን አትናቁት። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ የሰርቨር ክፍሉ በር እየተከፈተ ገመድ ሲቀያየር ሰንብቶ አንድ ፖርት በቀን ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ የሲአርሲ ስሕተት መቁጠር ጀመረ። የኤስኤፍፒውን (ገመዱ የሚሰካበትን የብርሃን መላኪያና መቀበያ) ሁኔታ በሚያሳየው «ኤስኤፍፒሾው» ስናየው ጎረቤቶቹ ኔጌቲቭ 3 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ) አካባቢ ብርሃን ሲቀበሉ እርሱ ብቻ ኔጌቲቭ 9 ያነባል፤ ይህ ማለት የሚደርሰው ብርሃን የሌሎቹ አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ገመዱን ነቅሎ የገመዱን ጫፍ በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ መልሶ የሰካ ባልደረባ ነበረን፤ ንባቡ ወደ ኔጌቲቭ 11 ወረደ። በኋላ ለፋይበር በተሠራው ማጽጃ ብዕር አንድ ጊዜ ቀጭ ሲደረግ ነገሩ አበቃ።

በማጽዳት ጉዳይ ላይ ግን አልስማማም። ዓመታት የተጠራቀመ የስሕተት ቁጥር ላይ ተቀምጦ መቀነስ ለአንድ ፖርት ይሠራ ይሆናል፤ ለአርባ ስምንት ፖርት ግን ዐይን ያፈዛል። መጀመሪያ የአሁኑን ውጤት በሙሉ ፋይል ላይ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ሰዓቱን መዝግበው «ስታትስክሊር» ይበሉ። ማግሥት ጠዋት ከዜሮ የተለየ ቁጥር ያለበት ፖርት ራሱን ይጠቁማል።


ፋይበር_ጠባቂ
ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

የ23 ሰዓቱን ነገር እኔም አላየሁትም፤ እናመሰግናለን። ማጽዳቱን በተመለከተ ለስሕተት መደቦች ያሉት ያስኬዳል፤ ለክሬዲቱ ግን አሁንም መቀነሱን እመርጣለሁ።


ሌላ_ቀለም
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሲስኮ ኤምዲኤስ ስዊች ያላችሁ ሰዎችም ይህን ውይይት ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። እዚያ «ቲኤክስ ዌይት» የሚባለው ቆጣሪ ተመሳሳይ ነገር ይለካል፤ እርሱም በ2.5 ማይክሮሰከንድ ስለሚቆጥር ሂሳቡ ያው ነው። ተጨማሪ ጥቅሙ ያለፉትን ሰዓታት ታሪክ በግራፍ መልክ ራሱ ስለሚያስቀምጥ ሌሊት ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም።


ሰንጋተራ_7
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተባለው መሠረት ሠርቼ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ የስዊቾቹ ሰዓት በእርግጥም በግሪንዊች ነበር። የጣልኳቸው የመጓተት ማስጠንቀቂያዎች ከዳታቤዙ ችግር ጋር በደቂቃ ልዩነት ውስጥ ይገጣጠማሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መልሱ ፊቴ ተጽፎ ሳለ ቀኑ የትናንት ነው ብዬ ማለፌ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ስክሪፕት ስዊቹ ላይ በራሱ ገብቶ እንዲያነብ ለማድረግ ፈቃድ ማስጨረስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ኅዳር 12 ሌሊት ራሴ ቢሮ አድሬ አነበብኩ። ከባለ 16 ጊጋቢቱ ስዊች ወደ ቆየው በሚልከው አይኤስኤል ላይ፣ 3ኛው መስመር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ 1,318,400,000 አነበበ፤ 8 ሰዓት ከ10 ሲሆን 1,342,400,000 ደረሰ። ልዩነቱ 24,000,000 ነው፤ በ2.5 ማይክሮሰከንድ ሲባዛ 60 ሰከንድ ይመጣል። ከ300 ሰከንድ ውስጥ 60ውን መስመሩ መላክ እየፈለገ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ቀን ላይ በተመሳሳይ 5 ደቂቃ ውስጥ ያገኘሁት ልዩነት ሩብ ሰከንድ እንኳ አልሞላም።

ከዚያ ወደ ቆየው ስዊች ሄድኩ። ቀርፋፋ ሰርቨር አገኛለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ የአንዱም ፖርት የክሬዲት ቆጣሪ ይህን ያህል አልተንቀሳቀሰም። ትልቁ የተገኘው የባክአፕ ሰርቨሩ ባለበት 14ኛ ፖርት ላይ ሲሆን እርሱም በ5 ደቂቃ 160,000 ብቻ፣ ማለትም ከግማሽ ሰከንድ በታች ነው። ተስፋ ቆርጬ ልተወው ስል «ፖርትፐርፍሾው»ን በመላኪያ አቅጣጫ ብቻ በዚያ ፖርት ላይ አስኬድኩት። በየሰከንዱ 390፣ 391፣ 389፣ 390 ሜጋባይት እያለ እንደ ተሰመረ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ለ25 ሰከንድ ያህል እንዲህ ቆይቶ ድንገት 2 ሆነ፤ ጥቂት ዐረፈና ደግሞ ወደ 390 ተመለሰ። ይህን ያህል ቀጥ ያለ ቁጥር ጣሪያ ካልነካ በቀር አይገኝም ብዬ «ስዊችሾው» ስል የፖርቱ ፍጥነት «ኤን4» ይላል። በሰርቨሩ ውስጥ ያለው፣ ከማከማቻ ኔትወርኩ ጋር የሚያገናኘው ኤችቢኤ ካርድ ባለ 4 ጊጋቢት ነው! በንብረት መዝገባችን ላይ ባለ 8 ተብሎ ተጽፏል፤ መከታተያውም ያንን ይዞ በ8 ሲያካፍል ኖሯል።

በእነዚያ 5 ደቂቃዎች ውስጥ ሦስት ጊዜ እንዲህ ሞልቷል። 75 ሰከንድ በ390 ሲሆን በ300 ሰከንድ ሲካፈል 97.5 ሜጋባይት ይመጣል፤ ለ800 ሲካፈል ያቺው የኔዋ 12 በመቶ ናት። ግራፉ የዋሸው ነገር የለም፤ እኔ ያልጠየቅሁትን ሳይመልስልኝ ቀረ እንጂ።

«ፖርትኤረርሾው» ላይ ደግሞ 6ኛ ፖርት በአንድ ሌሊት 41 የሲአርሲ ስሕተት ቆጥሯል፤ ሁሉም ምልክት የሌላቸው ናቸው። ይህ ከሌሊቱ ችግር ጋር ባይገናኝም ማጽጃ ብዕር አስመጥቼ እጨርሰዋለሁ፤ ሸሚዝ አልጠቀምም።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ መፍትሔው ነው። አይኤስኤል ብጨምር ይበቃኛል?


ፋይበር_ጠባቂ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ግምቴ ስቷል፤ ቀርፋፋ ሰርቨር ሳይሆን ከአቅሙ በላይ የሚጠይቅ ሰርቨር ነው ያለዎት። ስቶሬጁ በ16 ጊጋቢት ያፈስሳል፣ አይኤስኤሉ በ8 ይሸከማል፣ መጨረሻ ላይ ያለው ቧንቧ ግን 4 ነው። ትርፉ ፍሬም በቆየው ስዊች ውስጥ ተጠራቅሞ ቦታ ሲያጣ ክሬዲት ወደ ኋላ መመለሱ ይዘገያል፤ በዚያው መስመር ላይ የተሳፈረው የዳታቤዝ ፍሬም አብሮ ይቆማል።

ስለዚህ አይኤስኤል መጨመር የሰልፉን ቦታ ያሰፋል እንጂ ሰልፉን አያጠፋም። ካርዱን በባለ 8 ጊጋቢት ቢቀይሩትና እዚያው ቢተዉት ደግሞ ባክአፑ ብቻውን አይኤስኤሉን ይሞላዋል፤ ችግሩ መልኩን ቀይሮ ይመጣል። ትክክለኛው እርምጃ የባክአፕ ሰርቨሩን ገመድ ከቆየው ስዊች ነቅሎ ስቶሬጁ ባለበት ስዊች ላይ መሰካት ነው። የባለ 16 ጊጋቢት ኤስኤፍፒ ወደ 8 እና ወደ 4 ስለሚወርድ የአሁኑ ካርድ ያለ ችግር ይገናኛል። ነገር ግን በዚህ ብቻ አያቁሙ፤ ባክአፑና ዳታቤዙ አንድ የስቶሬጅ ፖርት የሚጋሩ ከሆነ ሰልፉ ከአይኤስኤሉ ተነሥቶ ወደዚያ ፖርት ይዛወራል። ዞኒንጉን (የትኛው ሰርቨር ከየትኛው የስቶሬጅ ፖርት ጋር እንደሚገናኝ የሚወስነውን ቅንብር) ለውጠው ለባክአፕ የተለየ የስቶሬጅ ፖርት ይስጡት።

ስለ አቅራቢው ሐሳብ አንድ ነገር ልጨምር። የባለ 32 ጊጋቢት ኤስኤፍፒ ከ8 በታች አይወርድም። ሁለቱንም ስዊቾች በተባለው መሠረት ቀይረው ቢሆን ኖሮ የባክአፕ ሰርቨርዎ ያን ዕለት ከአዲሱ ፖርት ጋር ጨርሶ አይገናኝም ነበር።


የለገሃሩ
ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገመዱን የሚያዛውሩት በአንድ ፋብሪክ ይጀምሩ፤ ሁለተኛውን ፋብሪክ ቢያንስ አንድ ሌሊት ሳይነኩ ይተዉት። ከመንቀልዎ በፊትም ሰርቨሩ ሁለቱንም መንገድ በእርግጥ እንደሚያይ ከራሱ ከሰርቨሩ ላይ ያረጋግጡ። ወረቀት ላይ ሁለት መንገድ ያለው፣ አንዱ ግን ከተቋረጠ ስድስት ወር የሆነው ሰርቨር ያጋጠመኝ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።


ሰንጋተራ_7
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

የመጀመሪያውን ፋብሪክ ኅዳር 16፣ ሁለተኛውን ኅዳር 18 አዛወርኩ፤ ለባክአፑም ለብቻው የስቶሬጅ ፖርት ተሰጠው። የለገሃሩ እንዳሉት ከመንቀሌ በፊት መንገዶቹን ሳረጋግጥ ሁለቱም ደኅና ነበሩ።

ትናንት ሌሊት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መስመር ላይ በ5 ደቂቃ ውስጥ የተቆጠረው 310,000 ነው፤ ይህም አንድ ሰከንድ አይሞላም። የሂሳብ መዝጊያው ሥራ ሳይንቀራፈፍ አለቀ። የባክአፑ ፖርት አሁንም በ390 ጣሪያውን ነክቶ ይሄዳል፤ ነገር ግን ከራሱ በቀር የሚያስጠብቀው ሰው የለም። 6ኛ ፖርት ከጸዳ ወዲህ አንድም ስሕተት አልቆጠረም። በመከታተያው ላይም የክሬዲት ቆጣሪውን በየ1 ደቂቃው እንዲያነብ ጨምሬበታለሁ፤ ቆጣሪው ያለማቋረጥ ቢሄድ እንኳ ወደ ዜሮ የሚመለሰው ከ3 ሰዓት ገደማ በኋላ ስለሆነ በ1 ደቂቃ ንባብ አያመልጠኝም።

ለኃላፊዬም ደብዳቤውን ጽፌያለሁ። ፕሮፎርማው ለአቅራቢው ተመልሶ፣ በምትኩ ለባክአፕ ሰርቨሩ የባለ 16 ጊጋቢት ኤችቢኤ ካርድ ዋጋ ብቻ እንዲልክ ተጠይቋል።